88 ቁልፍና አንድ ወገብ

የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭ ስለሚሸጠው ዕቃ የማይነግራችሁ ነገር የለም፤ ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ ብቻ አይነግራችሁም። ድምፁ ከየትኛው የኮንሰርት ፒያኖ እንደተቀዳ፣ ስንት ኖታ በአንድ ጊዜ እንደሚያሰማ፣ ስክሪኑ በጣት እንደሚነካ አንድ በአንድ ይዘረዝርላችኋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለና ሊፍቱ «ለጊዜው አይሠራም» የተባለለት የሰርግ አዳራሽ ግን በየትኛውም ካታሎግ ውስጥ የለም። ይህን ጉድለት የምሞላው እኔ ነኝ።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ሙዚቀኛው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ፣ በሳምንቱ መካከል ደግሞ አንድ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል። የእኔ ድርሻ መሸከም ነው። እዚህ ሹመት ላይ ማንም አልሾመኝም፤ እናታችን አንድ ቀን «ልጄ ብቻውን ሲሸከም ወገቡ ሊቆረጥ ነው» አለች፣ የእኔን ወገብ በተመለከተ ግን አስተያየት አልሰጠችም። ወንድሜ በአዘቦት ቀን በስሜ ነው የሚጠራኝ። ደረጃ ሥር ስንደርስ «ጋሼ» እሆናለሁ። «ጋሼ፣ አንተ በዚያ በኩል ያዛት» ይለኛል። «በዚያ በኩል» የሚባለው ምንጊዜም የታችኛው ጫፍ ነው።

መሣሪያ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ ወንድሜን ያማክራል። እሱም ስለ ድምፅ፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ስታይል ሲያብራራ ቡናው ይቀዘቅዛል። እኔን የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። ቢጠይቁኝ ኖሮ በኪሎ እጀምር ነበር።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። መድረክ ላይ የሚወጡት ባለቁልፍ መሣሪያዎች በሁለት ትልልቅ ጎሳ ይከፈላሉ። አንደኛው ስቴጅ ፒያኖ ነው። ቁልፎቹ አብዛኛውን ጊዜ 88 ናቸው፣ ልክ በእውነተኛው ፒያኖ ቁጥር። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ትንሽ መዶሻ አለች፤ መዶሻዋ የምትመታው ክር ግን የለም። የተቀመጠችው የተጫዋቹ ጣት ክብደት እንዲሰማው ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ አንዷም ምንም ነገር የማትመታ 88 መዶሻ ተሸክሜ ነው ደረጃ የምወጣው። ስቴጅ ፒያኖ ድምፁ ጥቂትና የተመረጠ ነው፤ በብዛት የራሱ ስፒከር የለውም፤ ከበሮ ምቱልኝ ቢሉት አይመታም። ኩሩ ነው።

ሁለተኛው በተለምዶ ኪቦርድ የምንለው ነው። ቁልፎቹ 61 ወይም 76 ይሆናሉ፤ ቀላል ናቸው፤ ተጭነው ሲለቋቸው በስፕሪንግ ይመለሳሉ። ውስጡ ግን ሙሉ ባንድ ተቀምጧል። ግራ እጅ አንድ ኮርድ ሲይዝ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ጊታሩና ትራምፔቱ ብድግ ብለው ያጅባሉ። ሰርጋችንን ለብዙ ዓመት ይዞት የኖረው ይኸኛው ነው። ድሮ ስድስት ሰባት ሰው የሚሠራውን ሥራ ዛሬ አንድ ሰው ይሠራዋል፤ ራት የሚቀርብለት ግን አንድ ሳህን ነው። የዚህን ሒሳብ ትርፍ ከሙዚቀኞቹ ቀድመው የተረዱት የሰርግ ባለቤቶች ናቸው።

ወደ ኪሎው ልመለስ።

የኮንሰርት ፒያኖ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። ሃሞንድ ቢ-3 የሚባለው ስመ ጥር ኦርጋን ከነፔዳሉና ከነመቀመጫው 190 ኪሎ አካባቢ ነው። ባለ 73 ቁልፉ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ «ለመድረክ እንዲመች ተብሎ የተሠራ» የተባለው ማለት ነው፣ ወደ 60 ኪሎ ይጠጋል። የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን ዘፈን ስሰማ ሌላው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በትዝታ ይናጣል። እኔ ኦርጋኑ በገባ ቁጥር የሚታየኝ ኦርጋኑን መድረክ ላይ ያወጣው ሰው ነው። በሸክላው ሽፋን ላይ የዘፋኙ፣ የአቀናባሪው፣ አንዳንዴም የፎቶ አንሺው ስም ተጽፏል። የእሱ የለም።

በእነዚያ ዘመን ሰዎች ዓይን ሲታይ የዛሬ ተሸካሚ ቅንጡ ነው። ካዋይ ኤምፒ11 ኤስኢ ከ32 ኪሎ በላይ ነው፤ ቁልፉ ከእንጨት የተሠራ በመሆኑ ፒያኖ የሚወዱ ሰዎች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የእኔም ዝቅ ይላል፣ በሌላ ምክንያት። ሮላንድ አርዲ-2000 21.7 ኪሎ ነው። ያማሃ ሲፒ88 18.6። ካሲዮ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒኤክስ-ኤስ1000 ግን 88 ቁልፉንና መዶሻዎቹን ሁሉ ይዞ 11.2 ኪሎ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ያማሃ ፒኤስአር-ኤስኤክስ900፣ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ፣ 11.5 ኪሎ ይመዝናል። አያችሁ? ፒያኖው ከኪቦርዱ ቀለለ! ይህን ባወቅሁ ዕለት የዓለም ችግር ሁሉ የተፈታ መስሎኝ ወንድሜን ከእንቅልፉ ቀሰቀስሁት።

«ርዝመቷስ?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። መሐንዲሶች መዶሻውን ያቀልላሉ፣ ብረቱን በፕላስቲክ ይተካሉ፣ ኤሌክትሮኒክሱን ያሳንሳሉ። የሰው ጣት ግን አላነሰም። 88 ቁልፍ፣ እያንዳንዱ ለጣት የሚበቃ ስፋት ይዞ፣ ጎን ለጎን ሲደረደር ብቻውን 1.22 ሜትር ይወስዳል። ዳርና ዳሩ፣ ማዞሪያው፣ መሰኪያው ሲጨመር 1.30 እና 1.40 ሜትር ይደርሳል። ቦርሳው ሲለብስ ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ቪትዝ ኋላ ወንበር ላይ አግድም አይገባም። ጫፉ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል አልፎ ማርሹ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሾፌሩ ማርሽ በለወጠ ቁጥር «ይቅርታ» የሚለው ለፒያኖው ይሁን ለእኔ አይታወቅም። እኔ በቀረችው ማዕዘን ውስጥ በጉልበቴ አገጬን ደግፌ እሄዳለሁ። የራይድ ሾፌሮች ደውለው «ዕቃ አለ እንዴ?» ሲሉ ወንድሜ «ትንሽ ቦርሳ» ይላል። ሲደርሱ ፊታቸው ላይ የማነበውን እዚህ አልጽፍም።

ጥቁር ረጅም ሳጥን ለሁለት ተሸክሞ በሰፈር ውስጥ ማለፍም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከበራችን ስንወጣ ከላይ ሰፈር የመጡ አንዲት እናት ቆመው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «የማን ቤት ነው ልጆቼ? አልሰማሁም እኮ» አሉ። ወንድሜ «ሰርግ ነው፣ እማማ» ቢላቸው ይበልጥ ደነገጡ። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንድ ሰው በትከሻው አንግቶት ይሄዳል፤ ሐዘንተኛም አያበዛም።

ከውጭ አገር የማስመጣቱም ነገር ከዚሁ የተያያዘ ነው። ሜሪላንድ ያለች የአክስታችን ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ «ምን ላምጣላችሁ?» አለች። ወንድሜ ሳያፍር «አርዲ-2000» አላት። የአውሮፕላን ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ነው። 21.7 ሲቀነስ ለሣጥኑ የሚተርፈው 1.3 ኪሎ ነው፤ በ1.3 ኪሎ የሚሠራ ሣጥን ደግሞ ከካርቶን በቀር አላውቅም። ርዝመቱም ከተፈቀደው ያልፋል። ልጅቷ ትሕትናዋ ወደር የለውምና ሁሉንም ለክታ፣ ደምራ፣ ቀንሳ፣ ሽቶ ይዛ መጣች።

መድረክ ላይ ከተወጣ በኋላ ውድድሩ መልኩን ይለውጣል። እዚህ እኔ ወንበር ይዤ ተመልካች እሆናለሁ፤ ብዙ ነገር የሚታየው ከዚያ ነው።

የእኛ አገር ዘፋኝ ለኪቦርዲስት የሚሰጠው ትእዛዝ ሁለት ብቻ ነው። «ቶኑን ትንሽ ከፍ» እና «ቶኑን ትንሽ ዝቅ»። «ትንሽ» ስንት እንደሆነ ዘፋኙም አያውቅም። ሰርግ ላይ ደግሞ ዘፋኙ አንድ ሰው አይደለም። የሙሽራው አጎት ማይኩን ይቀማል፤ ከእሱ የሚዜዎቹ አለቃ ይነጥቀዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ቶን ይዞ ይመጣል። ለዚህ ቀን የተፈጠረ ትራንስፖዝ የሚባል ቁልፍ አለ። ጣት በለመደበት ቦታ እየተጫወተ ድምፁ በግማሽ ቶን፣ በግማሽ ቶን ይወጣል፣ ይወርዳል። ስቴጅ ፒያኖዎችም ይህ አላቸው፤ ፒያኖን ከኖታ ተምረው ያደጉ ሰዎች ግን ያን ቁልፍ መንካት ነውር ይመስላቸዋል። በአሥራ ሁለቱም ቶን መጫወት የሚችል ሰው ምን ያደርግለታል? ወንድሜ ይህ ኩራት የለውም። ኪቦርዱ ላይ ቁልፉ ከፊት ለፊት፣ ዓይን ሳይፈልገው ጣት የሚያገኘው ቦታ ላይ መሆኑን ካላረጋገጠ ዋጋ አይጠይቅም።

ይህ ቁልፍ አንድ አደጋ አለው። ካልመለሱት እዚያው ይቀራል። አጎትየው በሦስት ዝቅ ዘፍኖ ወረደ፤ ቀጥሎ ዘፋኙ ከቤዝ ጊታር ጋር ሲገባ ወንድሜ በአንድ ቶን፣ ቤዙ በሌላ ቶን ሆኑ። አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ዘመናዊ ነው» አሉ፤ ሰውም ተነሥቶ ጨፈረ።

ቀጥሎ ግራ እጅ ነው። ፒያኖ ተጫዋች በግራ እጁ ቤዝ ይጫወታል። የሰርግ ኪቦርዲስት ግራ እጅ ግን አንዴ ኮርድ ከያዘች በኋላ አብዛኛውን ምሽት የምታሳልፈው ዳር ላይ ባለችው ትንሽ ጎማ ላይ ነው፤ ፒች ቤንድ በምትባለዋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኪቦርድም ሆነ ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃ ከፋፍሎ ጨርሷል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን በእነዚያ ደረጃዎች ላይ መልቀም ይቻላል። መሰንቆ ግን ደረጃ አይወጣም፤ ይንሸራተታል። ዋሽንትም ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ መንገድ ላይ የሚያደርገው ብዙ ነገር አለው። ያን መንሸራተት በቁልፍ ማምጣት አይቻልም። በጎማዋ ግን ይመጣል፤ ጥሩ ኪቦርዲስት እጅ ላይ ሲሆን፣ መሰንቆ መች ገባ ብሎ ዞር የሚል እንግዳ አይጠፋም።

ለቤት መለማመጃ የተሠሩት ዲጂታል ፒያኖዎች ይህችን ጎማ የላቸውም፤ ያ ቀላሉ ካሲዮም የለውም። ስዊድኖች የሚሠሩት፣ ቀይ ቀለሙ ከሩቅ የሚታወቀው ኖርድም ቢሆን ኖርድ ኤሌክትሮና ኖርድ ፒያኖ የሚባሉት ላይ አላስቀመጠም። ኖርድ ስቴጅ ግን አለው፤ የፒች መሳቢያው ዱላ ከእንጨት፣ አጠገቡ ያለችው ጎማ ደግሞ ከድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ድንጋይ! ይህን የሰማሁት ተሸክሜው ፎቅ ከወጣሁ በኋላ ነው። (ጠጠሯ ትንሽ ናት፤ ነገሩ ግን የመርህ ጉዳይ ነው።)

የኮርግ ፒኤ ኪቦርዶችና የያማሃ አቻዎቻቸው ሌላም ሥራ ይሠራሉ። አንዷን ኖታ ለብቻዋ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መቃኘት ይቻላል። ይህ የመጣው የዓረብ ሙዚቃ ሩብ ቶን ስለሚፈልግ ነው። ለካይሮና ለቤይሩት ሰርግ የታሰበው ለእኛም ሰርግ ደረሰ። ሪትሙን ግን ማንም አላሰበልንም። ፋብሪካው ቦሳ ኖቫ፣ ፖልካ፣ ቫልስ ሞልቶ ይልከዋል፤ ፖልካ የተጨፈረበት የአዲስ አበባ ሰርግ ላይ ገና አልተጋበዝኩም። ችክችካውን፣ ጉራግኛውን፣ ኦሮምኛውን የሚሠሩት የራሳችን ልጆች ናቸው፤ ቤታቸው ቁጭ ብለው ከበሮውን በከበሮ፣ ቤዙን በቤዝ ይገነቡታል፣ ከዚያ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ወንድሜ ፍላሹን አንገቱ ላይ ከመስቀሉ አጠገብ ነው የሚያንጠለጥለው።

ጉራግኛ ሲነሣ ደግሞ የቁልፉ ክብደት ጉዳይ ይመጣል። ፈጣን ነው፤ ሰው ሲሞቅ ማቆም የለም፤ አንድ ኖታ ላይ ተደጋግሞ የሚመታው ብዙ ነው። ባለ መዶሻው ቁልፍ ከተመታ በኋላ ተመልሶ እስኪነሣ ጊዜ ይወስዳል፣ ጣትንም ያደክማል። ቀላሉ ቁልፍ ገና ሳይለቁት ተነሥቶ ይጠብቃል። ሰርግ ላይ ስቴጅ ፒያኖ ይዞ የወጣ አንድ የወንድሜ ጓደኛ ከጉራግኛው በኋላ የእንጀራውን ጉርሻ በግራ እጁ ሲያነሣ አይቻለሁ።

እስካሁን ለኪቦርዱ ያደላሁ መስያለሁ። ረቡዕ ማታ ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ ብትቀመጡ ግን ሌላ ፍርድ ትሰጣላችሁ። እዚያ ማንም አይጨፍርም። ሰው በዝግታ ያወራል፣ ማንኪያ ይጋጫል፣ ወንድሜ ብቻውን ይጫወታል። አንዳንዴ በእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ መንፈስ የሆነ ነገር ይጀምራል፤ እንደሚታወቀው እማሆይ በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት መነኩሴ የፒያኖ ሊቅ ናቸው። ያ ዓይነት ሙዚቃ የሚኖረው በአነካክ ልዩነት ነው፤ አንዷ ኖታ ትጠራለች፣ አጠገቧ ያለችው ታንሾካሹካለች። እንግዲህ ዲጂታል ቁልፍ የሚለካው የጣትን ኃይል አይደለም፤ ፍጥነቱን ነው። ቁልፉ ሲወርድ ሁለት መገናኛዎችን አንድ በአንድ ይነካል፤ በመካከላቸው ያለፈው ጊዜ አጭር ከሆነ ድምፁ ይጮኻል፣ ከረዘመ ይለሰልሳል። ቀላል ቁልፍ በጥቂቱ ሲነኩት በርሮ ይወርዳል፤ ማንሾካሾክ ቢያስቡም ይጮኻል። ከባዱ ቁልፍ ጣትን ይቋቋማል፣ ልኩን ለመስጠት ፋታ ይሰጣል። ለዚህ ሥራ እነዚያ ክር የሌላቸው 88 መዶሻዎች ዋጋቸውን አገኙ። ይህን ስጽፍ ወገቤ እየተቃወመ ነው።

ነገር ግን ያ ውድ ፒያኖ ሰርግ አዳራሽ ሲገባ ሌላ ውርደት ይጠብቀዋል። የፒያኖው ድምፅ በሁለት ማይክ፣ ለግራና ለቀኝ ጆሮ ተብሎ ነው የተቀዳው። ሳውንድ ማኑ ግን አንድ ጃክ ብቻ ወርውሮላችሁ ይሄዳል። ሁለቱ ድምፆች በግድ አንድ ላይ ሲጨመሩ ከፊሉ ከፊሉን ያጠፋዋል፤ ከስፒከሩ የሚወጣው ቆርቆሮ የተመታ ይመስላል። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ የገዛው ሰው መድረኩ ላይ ቆሞ «ይሄ የእኔ ፒያኖ ነው?» ይላል። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ለአንድ ጃክ የተዘጋጀ የሞኖ ፒያኖ ድምፅ አላቸው፤ ሎቢ ውስጥ የሚያሳፍረው ያ ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ነፍስ ያድናል። ገዢ ሆይ፣ ሱቅ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ የሰማኸውን አትመን።

መብራት ደግሞ አለ። ወይም የለም።

መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሣ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ መሣሪያው ተነሥቶ ለመጫወት የሚወስድበት ጊዜ ግን እንደየዓይነቱ ነው። ኮርግ ክሮኖስ የሚባለው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ውስጡ ኮምፒውተር ነው ማለት ይቻላል፤ ከጠፋ በኋላ ተነሥቶ እስኪዘጋጅ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሙሽሪት በር ላይ ቆማ ሁለት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እልልታው ያልቃል፣ እንደገና ይጀመራል፣ ያልቃል፤ ሚዜዎቹ በጭብጨባ «ሙሽራዬ» ይላሉ፤ ካሜራ ማኑ ጣሪያውን ይቀርጻል። ተራው ኪቦርድ በሰከንዶች ይነሣል። ትንንሾቹ የያማሃ ፒኤስአር-ኢ ኪቦርዶች እንዲያውም በስድስት ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ያ ካሲዮ ፒያኖም እንዲሁ። መብራት ቢሄድም መሣሪያው አይጠፋም። እርግጥ የአዳራሹ ስፒከር ጠፍቷልና በትንንሾቹ የራሱ ድምፅ ማውጫዎች ለአምስት መቶ እንግዳ መጫወት ይኖርበታል። የፊት ረድፍ ይሰማል።

መብራት ሳይሄድም የሚጠፋ መሣሪያ አለ። ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ ብዙዎቹ ለግማሽ ሰዓት ካልተነኩ በራሳቸው እንዲጠፉ ሆነው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። የሠሩት ሰዎች የአገራችንን ምርቃት አልሰሙም። ሽማግሌው ተነሥተው ከአብርሃምና ከሣራ ይጀምራሉ፤ ይስሐቅ ጋ ሲደርሱ የኪቦርዱ መብራት ድርግም ይላል። «አሜን» ሲባል ወንድሜ ቁልፉን ይጫናል፤ ምንም የለም። አሁን ግን ያን ነገር ከሜኑው ውስጥ አውጥቶ ዘግቶታል፤ መሣሪያ የገዛ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይህን ያድርግ።

ስቴጅ ፒያኖ በማያጠራጥር ሁኔታ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ነው፦ ልጆች አይደፍሩትም። ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ የሚብለጨለጭ ነገር አያበዛም። ኪቦርዱ ግን መብራቱም ቁልፉም ብዙ ነው፤ ከእነዚያ መካከል ደግሞ «ዴሞ» የምትባል ቁልፍ አለች። ስትነካ መሣሪያው ለሱቅ ደንበኛ ማሳያ የተዘጋጀለትን ዘፈን፣ ከነሙሉ ባንዱ፣ በራሱ ይጫወታል። ወንድሜ ራት ሊበላ ወርዶ፣ የሙሽሪት አባት ማይክ ይዘው ስለ ልጃቸው አስተዳደግ እንባ እየተናነቃቸው ሲናገሩ፣ ሱፍና ክራቫት የለበሰ የአምስት ዓመት ልጅ ያቺን ቁልፍ አገኛት። የላቲን ዳንስ ነበር። አባትየው ንግግራቸውን አላቋረጡም፤ ምቱን ጠብቀው ጨረሱት።

ይህን ሁሉ ሳስብ የኃይሉ መርጊያ ነገር ትዝ ይለኛል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት፣ ሒልተን ሆቴልን ለዓመታት ያስጨፈረ ሰው ነው። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከፊሎቹ እዚያው ሲቀሩ እሱም ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑን፣ ሮድሱን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና ያማሃ ዲኤክስ7ን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥቶ በባትሪ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። የመሣሪያ ዐዋቂዎች ስለ ቁልፍ ክብደትና ስለ ተቀዳው ድምፅ ጥራት ሲከራከሩ ያድራሉ፤ እኔ የምለው ግን የታክሲ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያልገባ መሣሪያ ደለስ ላይ ተራ ሲጠበቅ አይለማመዱበትም። 88 ቁልፍ ቢሆን ኖሮ ሻንጣ የያዘ ተሳፋሪ የት ይቀመጥ ነበር?

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ፤ ማንም ስላልጠየቀኝ በነጻ ነው። እንጀራህ ሰርግና የምሽት ክበብ ከሆነ ባለ 61 ወይም ባለ 76 ቁልፍ ኪቦርድ ግዛ፤ ከ12 ኪሎ አይለፍ፣ ጎማዋ ትኑረው፣ ትራንስፖዙ ፊት ለፊት ይሁን። ሎቢ፣ ጃዝ ወይም ኳየር ከሆነ ስቴጅ ፒያኖ ግዛ፤ 88ቱን የግድ የሚል ሙዚቃ ካልሆነ ደግሞ ባለ 73 ቁልፉን ውሰድ፤ ያማሃ ሲፒ73 13.1 ኪሎ ነው፣ ትልቁ ወንድሙ ካለው 18.6 ጋር ሲተያይ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። ስታንዱን አትርሳ፤ በኤክስ ቅርጽ የሚቆመው ርካሹ ስታንድ ከባድ ፒያኖ ሲጭኑበት ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይጨፍራል። ፔዳሉንም ከምትገዛው መሣሪያ ጋር ሞክረው፤ የአንዱ ድርጅት ፔዳል ሌላው ላይ ሲሰካ አንዳንዴ ሥራው ይገለበጣል፣ ስትረግጠው ይቆርጣል፣ ስትለቀው ይጎትታል። ሁለቱንም መሣሪያ መግዛት የምትችል ከሆነ ግዛ፤ ታላቅ ወንድም ግን አብሮ አይሸጥም።

ለሰርግ ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። መድረኩ አጠገብ ያለችውን አንዷን ሶኬት ለኪቦርዱ ብቻ ተዉለት፤ የፈንዲሻ ማሽኑ ሌላ ዲቫይደር ላይ ይሰካ። ለራት ሰው ስትቆጥሩም ኪቦርዲስቱን ሁለት ብላችሁ ቁጠሩት።